የዓለምን ድንቅ ብሔራዊ ፓርኮች ለመጎብኘት፦ ከአዲስ አበባ ተጓዦች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በለገሃርና በሜክሲኮ አካባቢ የሚኖሩና የሚሠሩ፣ የዓመት ፈቃዳቸውን ከከተማ ወጥተው ለማሳለፍ የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆን፣ ወራቱ ግን ለጉዞ ዕቅድ እንዲያመቹ በእኛው አቆጣጠር ተቀምጠዋል። በመልሶቹ ውስጥ አንድ እምነት ይመላለሳል፤ ይኸውም ጎብኚ "የት ልሂድ?" ከማለቱ በፊት "በዚያ ስፍራ ምን ይከናወናል? መቼስ ይከናወናል?" ብሎ መጠየቅ አለበት የሚል ነው። በዓለም የታወቀ ፓርክ በተሳሳተ ወር ሲጎበኝ የደረቀ ወንዝና የተዘጋ መንገድ ብቻ ሊያሳይ ይችላል።

ብሔራዊ ፓርክ ከሌሎች ጥብቅ ስፍራዎች በምን ይለያል? ልዩነቱ ለጎብኚው ምን ትርጉም አለው?

በአብዛኞቹ አገሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው ድንበሩ በሕግ ተከልሎ እርሻ፣ ግጦሽ፣ አደንና ሰፈራ የተከለከለበት ስፍራ ነው። ልዩነቱ በጎረቤቶቻችን ዘንድ ጎልቶ ይታያል። የታንዛኒያው ሰረንጌቲ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ከጎኑ ያለው ንጎሮንጎሮ ግን ማሳዮች ከከብቶቻቸው ጋር የሚኖሩበት የጥበቃ ቀጠና ነው፤ ድንበር ተሻግሮ በኬንያ በኩል ያለው ማሳይ ማራ ደግሞ በናሮክ ካውንቲ የሚተዳደር ብሔራዊ ጥብቅ ስፍራ ነው። እንስሳቱ በሦስቱም መካከል ይመላለሳሉ፤ የመግቢያ ክፍያውና ደንቡ ግን ለየብቻ ነው። ስለዚህ ከአስጎብኚ ድርጅት ዋጋ ሲቀበሉ የእያንዳንዱ ስፍራ መግቢያ ተካትቶ እንደሆነ በጽሑፍ ያረጋግጡ።

በዓለም ካሉት ሁሉ መጀመሪያ የትኛውን ልጎብኝ?

የእኔ መልስ ያለ ማመንታት የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። የአገሬ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ በሌላው ዓለም በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ተራርቀው የሚገኙ የተፈጥሮ ገጽታዎች በባሌ በአንድ ቀን የመኪና መንገድ ውስጥ ስለሚታዩ ነው።

ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ዲንሾ የደረሰ ሰው በጽድና በኮሶ ዛፎች መካከል የደጋ አጋዘንን በቅርብ ርቀት ያገኛል፤ ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች በስተቀር በዓለም ላይ በየትም አይኖርም። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደውን መንገድ ይዞ ሲወጣ ደግሞ ከፍታው 4,000 ሜትር ገደማ የሆነውን የሳነቴን አምባ ያገኛል፤ በአምባው ላይ የሚታየው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ጅብራ በተበተነበት በዚህ ብርዳማ ሜዳ ላይ ቀይ ቀበሮ በጠራራ ፀሐይ ግዙፉን ፍልፈል አድብቶ ሲጠብቅ ማየት ይቻላል። ቀበሮው ቀን ቀን የሚያድነው ምግቡ የሆኑት ፍልፈሎችና አይጦች በብርዱ ሌሊት ጉድጓዳቸው ውስጥ ስለሚያሳልፉና ፀሐይ ሲሞቅ ስለሚወጡ ነው። ስለዚህ ጎብኚውም ማልዶ ለመነሣት ከመጣደፍ ይልቅ ረፋዱ ላይ አምባው ላይ ቢገኝ ይሻለዋል።

በመላው ዓለም የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በባሌ ነው። በጣም የሚያሰጋቸው ከመንደር ውሾች የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 የተነሡት የእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኞች በባሌ ያሉትን መንጋዎች ክፉኛ ጎድተዋቸዋል። የመንደር ውሾችን መከተብ የቀበሮው ጥበቃ ዋና ሥራ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሳነቴ ደቡባዊ ጠርዝ መንገዱ በአስታ ቁጥቋጦ መካከል ቁልቁል ሲወርድ ብርዱ እየለቀቀ ይሄድና ጉም ወደሚሸፍነው የሐረና ደን ይገባል። በዚህ ደን ቡና ያለ ተካይ ይበቅላል፤ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል፤ አንበሳም አለ። ፓርኩ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ቢያንስ ሦስት ሌሊት ይመድቡለት፤ ደርሶ መልስ ብሎ የሚሄድ ሰው ሳነቴን በመኪና መስኮት አይቶ ሐረናን ሳያገኝ ይመለሳል።

ስሜን ተራሮችስ? ከዓለም ታላላቅ ፓርኮች ጋር ይወዳደራል?

ይወዳደራል፤ በመዝገብም ተመስክሮለታል። ዩኔስኮ በ1978 የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከአሜሪካው የሎውስቶንና ከኢኳዶሩ ጋላፓጎስ ጋር በአንድ ዝርዝር ውስጥ ነበር፤ ላሊበላም እንዲሁ። በ1996 አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ በ2017 ወጥቷል። ገደሉ፣ በገደሉ አፋፍ ላይ ሳር የሚግጡት የጭላዳ መንጋዎችና በቋጥኙ ላይ የሚራመደው ዋልያ በሌላ አገር ምትክ የላቸውም። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት አረንጓዴ ነው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ደግሞ አየሩ ጠርቶ ሸለቆው እስከ ሩቅ ይታያል። ጉዞው በጎንደርና በደባርቅ በኩል ስለሆነ፣ ከመነሳትዎ በፊት የአካባቢውን የፀጥታ ሁኔታ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤትና በቅርቡ ከሄዱ አስጎብኚዎች ማረጋገጥ ግዴታዎ ነው።

ዕረፍቴ በሐምሌና በነሐሴ ነው። በክረምት የት መሄድ ይቻላል?

ከሁሉ በላይ የሚደርሰን ጥያቄ ይህ ነው፤ ትምህርት ቤት የሚዘጋውም በዚሁ ወቅት ስለሆነ ምንም አያስገርምም። በርካታ ሰዎች አዲስ አበባ በዝናብና በጭቃ ስትዋጥ አፍሪካ በሙሉ የምትዘንብ ይመስላቸዋል። እውነታው ተቃራኒ ነው፤ የእኛ ክረምት ከታንዛኒያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ያለው ምድር የሚደርቅበት ወቅት ነው፤ ዱር እንስሳ ለማየትም የሚመረጠው ይኸው ደረቅ ወቅት ነው።

በደቡብ አፍሪካው ክሩገር ብሔራዊ ፓርክ ከሰኔ እስከ መስከረም ቁጥቋጦው ቅጠሉን ያራግፋል፤ ሳሩ ያጥራል፤ ዝሆኑም፣ ጎሹም፣ አንበሳውም በቀሩት ጥቂት የውሃ ጉድጓዶች ዙሪያ ይሰበሰባሉ። በ1926 የተመሠረተው ይህ ፓርክ ስፋቱ ወደ 20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ዋና ዋና መንገዶቹ አስፋልት ስለሆኑ በተከራዩት ተራ መኪና እራስዎ እየነዱ መጎብኘት ይችላሉ። ለቤተሰብ ጉዞ ክሩገርን የማስቀድመው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ በዚያ አገር መኪና የሚነዳው በግራ በኩል መሆኑንና የካምፑ በር ከመዘጋቱ በፊት መግባት ግዴታ መሆኑን አይዘንጉ። ንጋቱና ምሽቱ ይበርዳል፤ ከቤት ወፍራም ሹራብ ይዘው ይሂዱ።

በቦትስዋና ደግሞ የሚደንቅ ነገር ይፈጠራል። የኦካቫንጎ ወንዝ የሚነሣው ከአንጎላ ደጋማ ቦታዎች ነው፤ በዚያ የዘነበው ዝናብ ዝቅተኛውን ምድር አቋርጦ ወንዙ በሚበተንበት ረግረግ፣ በዴልታው ላይ ለመድረስ ወራት ይፈጅበታል። ስለዚህ ረግረጉ በውሃ የሚሞላው በቦታው ጠብታ ዝናብ በማይወርድበት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ደረቅ ወቅት ነው። ወንዙ ባሕር ሳይደርስ በአሸዋው ውስጥ ይሰርጋል። የአዋሽን መጨረሻ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

ሰሜን አሜሪካና አውሮፓም በዚህ ጊዜ በጋቸው ነው፤ ሕዝቡ ግን ይበዛል። የካናዳው ባንፍ ሐይቆች ሰማያዊ ቀለማቸውን የሚያገኙት በበጋ ነው፤ በረዶው ዓለቱን ሲፈጭ የሚወጣው ደቃቅ ዱቄት በቀለጠው ውሃ ተጠርጎ ሐይቁ ውስጥ ይንሳፈፍና ብርሃኑን ይመልሳል። ወደ ሞሬን ሐይቅ የሚወስደው መንገድ ከ2023 ጀምሮ ለግል መኪና ስለተዘጋ፣ የአውቶቡስ ቦታ አስቀድመው መያዝ አለብዎት።

በክረምት የማይመከሩት የቺሊው ቶረስ ዴል ፓይኔና የኒው ዚላንዱ ፊዮርድላንድ ናቸው፤ የእነርሱ በጋ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። አንድ ቀንድ ባለው አውራሪስ የሚታወቀው የሕንዱ ካዚራንጋም በዝናቡ ወራት ለጎብኚ ይዘጋል።

የሰረንጌቲን ታላቅ የእንስሳት ስደት ለማየት ትክክለኛው ጊዜ መቼ ነው?

ስደቱ ዓመቱን ሙሉ የሚዞር ዑደት ስለሆነ ጥያቄው "በየትኛው ወር የትኛውን ክፍል ላይ?" ተብሎ ቢስተካከል ይሻላል። ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ዊልድቢስት የተባሉ ቀንዳም ሳር ጋጭ እንስሳትና በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የሜዳ አህዮች ዝናቡን ተከትለው ይዞራሉ። በጥር መጨረሻና በየካቲት በደቡብ በኩል፣ በንዱቱ ሜዳ ይወልዳሉ። በዚያ የሚወልዱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከንጎሮንጎሮ አካባቢ እሳተ ገሞራዎች የወጣው አመድ አፈሩን በማዕድን ስላበለጸገው አጭሩ ሳር ለምታጠባ እናት የሚያስፈልገውን ካልሲየምና ፎስፎረስ ይሰጣል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ደግሞ በሰሜን፣ በማራ ወንዝ ላይ አዞ እየጠበቃቸው ይሻገራሉ። ብዙ ሰው የሚመኘው መሻገሩን ነው፤ እኔ ግን የየካቲቱን የውልደት ወቅት አስበልጣለሁ። በወንዙ ዳር መንጋው ይሻገር አይሻገር ሳይታወቅ ሙሉ ቀን ሊጠበቅ ይችላል፤ በውልደቱ ሜዳ ግን ጥጃው መሬት ከነካ ከደቂቃዎች በኋላ ቆሞ ሲሮጥ በየአቅጣጫው ይታያል።

የዚህ መንጋ ታሪክ ከእኛ ታሪክ ጋር የተያያዘ መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ በአገራችን ከ1888 እስከ 1892 የዘለቀውን ክፉ ቀን ካመጡት ምክንያቶች ዋነኛው ነበር። በሽታው በዚያ አልቆመም፤ ወደ ደቡብ ወርዶ የማሳዮችን ከብት ጨረሰ፤ የሰረንጌቲን ጎሽና ዊልድቢስትም ፈጀ። በአካባቢው ያሉ ከብቶች በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ሲከተቡ በሽታው ከዱር እንስሳቱም ጠፋ፤ በ1961 ሩብ ሚሊዮን ገደማ የነበረው የዊልድቢስት ቁጥርም በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአንድ ሚሊዮን አለፈ። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ በይፋ የታወጀው በ2011 ነው። ዛሬ በሜዳው ላይ አድማስ የሚሞላው መንጋ የክትባት ውጤት መሆኑን አውቆ የሚሄድ ሰው የሚያየው ነገር ይሰፋለታል።

የሎውስቶን ይህን ያህል የሚወደሰው ለምንድን ነው? ፍልውሃ እኛም አለን።

አለን፤ አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ በወደዱት ፍልውሃ ዙሪያ ነው። ይሁንና የከተማችን ፍልውሃ ወደ ሰማይ አይፈናጠርም፤ የየሎውስቶኑ ግን ይፈናጠራል። ከመሬት በታች የሞቀ ውሃ ሰፊ መውጫ ካገኘ በዝግታ ይፈስሳል። መውጫው ጠባብ ሲሆንና ውሃው ራሱ በሚተወው የሲሊካ ማዕድን ሲለሰን ግን ከላይ ያለው ውሃ የታችኛውን ተጭኖ ከመፍላት ያግደዋል። ሙቀቱ ከተለመደው የመፍያ ልክ እያለፈ ሄዶ ከላይ ትንሽ ውሃ እንደገነፈለ ግፊቱ በድንገት ይቀንስና የታችኛው ውሃ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ይተኮሳል። ኦልድ ፌይዝፉል የተባለው በየ90 ደቂቃው ገደማ ይህን ስለሚያደርግ የሚቀጥለው ሰዓት በሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። በፓርኩ ውስጥ ከ10,000 በላይ ፍልውሃዎች፣ የጭቃ ፍሎችና የእንፋሎት ቀዳዳዎች ይገኛሉ፤ ሁሉንም የሚያሞቀው ከ630,000 ዓመት ገደማ በፊት በከፍተኛ ሁኔታ ፈንድቶ የነበረው እሳተ ገሞራ ነው።

የሎውስቶን ማርች 1 ቀን 1872 በፕሬዚዳንት ዩሊሰስ ግራንት ፊርማ የተቋቋመ ሲሆን በዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ይታወቃል። ይሁን እንጂ የቀድሞዎቹ ጠባቂዎች ራሳቸው ተኩላን እንደ ጎጂ እንስሳ ቆጥረው እስከ 1926 ድረስ አጥፍተውት ነበር። ተኩላ ሲጠፋ ኤልክ የተባለው ትልቅ አጋዘን በዝቶ የወንዝ ዳር ችግኞችን ጋጠ። በ1995ና በ1996 ከካናዳ 31 ተኩላዎች መጥተው ተለቀቁ፤ ከዚያ ወዲህ የኤልኩ ቁጥር ቀንሷል፤ በአንዳንድ ሸለቆዎችም የወንዝ ዳር ዛፎች አገግመዋል። ለውጡ ምን ያህል በተኩላው ብቻ እንደመጣ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ተኩላ ለማየት ከተፈለገ በንጋት በላማር ሸለቆ መገኘት ነው።

አብዛኞቹ የውስጥ መንገዶች ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ለመኪና ዝግ ናቸው። ከእንጨት መረማመጃው መውጣት በፍጹም አይገባም፤ የምድሩ ሽፋን ስስ ስለሆነ ከመረማመጃው ወጥተው ፈልቶ በሚንተከተከው ውሃ የሞቱ ሰዎች አሉ።

የተራራ ጎሪላን ለማየት የሚከፈለው ገንዘብ ለምን እንዲህ በዛ?

በሩዋንዳው ቮልካኖስ ብሔራዊ ፓርክ ለውጭ ጎብኚ የአንድ ሰዓት ፈቃድ 1,500 ዶላር ነው፤ በኡጋንዳ 800 ዶላር ነው። ለአፍሪካ አገሮች ዜጎች የተለየ ታሪፍ መኖር አለመኖሩን ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ። ዋጋው የተሰቀለው የጎብኚውን ቁጥር ለመገደብ ነው፤ ለአንድ የጎሪላ ቤተሰብ በቀን ከስምንት ያልበለጡ ሰዎች ለአንድ ሰዓት ብቻ ይፈቀድላቸዋል። ጎሪላ የሰውን ጉንፋን በቀላሉ ስለሚይዘው ጎብኚው ከ7 እስከ 10 ሜትር መራቅና አፍና አፍንጫውን መሸፈን ይጠበቅበታል፤ የታመመ ሰው ይመለሳል፤ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅም አይገባም። ሩዋንዳ ከፓርኮቿ ገቢ 10 በመቶውን በዙሪያቸው ለሚኖረው ሕዝብ ታውላለች። በ2019 ይፋ በሆነው ቆጠራ የተራራ ጎሪላዎች ቁጥር ከ1,000 አልፎ 1,063 መድረሱ ገንዘቡ ሥራ ላይ እንደዋለ ያሳያል። ገንዘቡን ማግኘት ለቻለ ሰው ተገቢ ወጪ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከታላላቆቹ ፏፏቴዎች የትኛውን ልምረጥ?

ጢስ ዓባይን በግንቦትም በመስከረምም ያየ ሰው የፏፏቴ ነገር በወር እንደሚለያይ ማስረዳት አያስፈልገውም። በዛምቢያና በዚምባብዌ መካከል ያለው የቪክቶሪያ ፏፏቴ 1.7 ኪሎ ሜትር ስፋትና 108 ሜትር ከፍታ አለው፤ ሁለቱም አገሮች በየበኩላቸው በብሔራዊ ፓርክ ከልለውታል። ዝናቡ የሚዘንበው በወንዙ የላይኛው ተፋሰስ ስለሆነ ሙላቱ ከፍ የሚለው ዘግይቶ በሚያዝያ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ርጭቱ ራሱ ፏፏቴውን ይጋርደዋል። በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ በዛምቢያ በኩል ያለው ገደል አብዛኛው ይደርቃል። በሰኔና በሐምሌ ውሃውም እይታውም ሚዛናዊ ናቸው።

በአርጀንቲናና በብራዚል ድንበር ያለው ኢጉዋሱ 275 ገደማ ፏፏቴዎች ያሉት ሲሆን ዓመቱን ሙሉ አይደርቅም። ከአርጀንቲና በኩል ወደ ውሃው ይጠጋሉ፤ ከብራዚል በኩል ሙሉውን ያያሉ፤ ሁለት ቀን ይበቃዋል። የአሜሪካው ዮሴሚቲ 739 ሜትር ቢሆንም የሚመገበው ከበረዶ ስለሆነ በግንቦት ይጮኻል፤ በነሐሴ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ይገኛል።

በናይሮቢ የአንድ ቀን ትራንዚት አለኝ። ይበቃል?

ይበቃል። በ1946 የተቋቋመው የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ከከተማዋ መሀል 7 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል፤ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። አውራሪስ፣ ቀጭኔና አንበሳ በአንድ ረፋድ ሊገኙ ይችላሉ። ዝሆን ግን የለበትም።

በዓለም ትልቁ ብሔራዊ ፓርክ የት ነው?

በግሪንላንድ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ስፋቱ 972,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ ጠቅላላ ስፋት ብዙም አይርቅም። ቋሚ ነዋሪ የለውም፤ ለመግባትም የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለተራ ጎብኚ አልመክርም።

አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ኪሊማንጃሮ ይቀልለኛል?

በተወሰነ ደረጃ ይቀልልዎታል። ከ2,300 ሜትር በላይ የሚኖር ሰው ደም ከባሕር ጠረፍ ከሚመጣው ይልቅ ስስ አየርን ለምዷል። ይሁን እንጂ ኪሊማንጃሮ 5,895 ሜትር ነው፤ የከፍታ ሕመም የሰውነት ብርታትን አይመለከትም። ከ3,000 ሜትር በኋላ የሚያድሩበት ከፍታ በየሌሊቱ ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመከራል፤ ስለዚህ ዋጋው ቢረክስም የአምስት ቀኑን መውጫ ትተው የሰባት ቀኑን ይምረጡ። ራስ ምታት ሲጸና፣ ማስታወክ ወይም መንገዳገድ ሲመጣ መድኃኒቱ ወዲያው መውረድ ነው። በሳነቴ ወይም በስሜን ግጭ ጥቂት ሌሊቶችን አስቀድሞ ማሳለፍ ጥሩ ዝግጅት ነው።

ፓርኮች ሲመሠረቱ በቦታው የነበሩት ሰዎች ምን ሆኑ?

ይህ ጥያቄ በብዛት የሚመጣው ከወጣት አንባቢዎች ነው፤ መጠየቁም ያስደስተኛል። በብዙ ስፍራ ተፈናቅለዋል። ከየሎውስቶን የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ወጥተዋል፤ ማሳዮች በ1959 ከሰረንጌቲ ወደ ንጎሮንጎሮ ተዛውረዋል፤ ከስሜንም የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ሄደዋል። የአውስትራሊያው ኡሉሩ ሌላ መንገድ አሳይቷል፤ በ1985 መሬቱ ለባለቤቶቹ ለአናንጉ ሕዝብ ተመልሶ እነርሱ ለመንግሥት በኪራይ ሰጥተውታል፤ ቅዱስ አድርገው የሚያዩትን ዓለት መውጣትም ከኦክቶበር 26 ቀን 2019 ጀምሮ ተከልክሏል። ጎብኚ ታሪኩን ሊቀይር አይችልም፤ የአካባቢውን አስጎብኚ፣ በቅሎ ጫኝና ስካውት ቀጥሮ ተገቢውን ዋጋ በእጃቸው መክፈል ግን ይችላል።

ልጆቼን ከየት ላስጀምር?

በአራት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ ውስጥ ካለው የእንስሳት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ያስጀምሯቸው። ዋልያና ቀይ ቀበሮ ምን እንደሚመስሉ በቅርብ አይተው የሄዱ ልጆች በሜዳው ላይ ከሩቅ ሲያዩአቸው ይለዩአቸዋል። ቀጥሎ አዋሽ ፓርክ ለቅዳሜና እሑድ ይመቻል፤ ሳላና ፏፏቴው ይታያሉ። በፈንታሌ አካባቢ በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ስለነበር፣ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቀው ይውጡ።

ከመነሳቴ በፊት ምን ምን ላዘጋጅ?

ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ውስጥ ስለምትቆጠር ታንዛኒያና ደቡብ አፍሪካን የመሳሰሉ አገሮች ከዚህ ለሚሄድ ተጓዥ የክትባት ማስረጃ ይጠይቃሉ። ቢጫው ካርድ የሚሠራው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከ2016 ወዲህ ግን ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። አዲስ አበባ ወባ የሌለባት ከተማ በመሆኗ ነዋሪዋ የመከላከል አቅም የለውም፤ ወደ ክሩገር ወይም ወደ ሰረንጌቲ ሲሄድ ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም ማማከር አለበት። ሩዋንዳ ለአፍሪካውያን ያለ ቪዛ መግባትን በ2023 አውጃለች፤ የሌሎቹን አገሮች ደንብ ከየኤምባሲያቸው ያረጋግጡ። ለጉዞ የውጭ ምንዛሪ ለመውሰድ ባንክዎ ፓስፖርት፣ ትኬትና ቪዛ ሊጠይቅዎት ስለሚችል ሰነዶቹን ከነቅጂያቸው ይያዙ። የጎሪላ ፈቃድና በፓርክ ውስጥ ያለ ማደሪያ ግን ከትኬት ይቀድማል፤ እነርሱን ሳያረጋግጡ በቸርችል ጎዳና ትኬት አይቁረጡ።